ሦስት ሺህ ፓውንድ እንዴት ዓሣ ሆኖ ቀረ

አንድ አባት ሊሞት አልጋ ላይ ተኝቷል። ወንድ ልጁን ያስጠራል። «የእንጀራ እናትህንና እህቶችህን አደራ» ይለዋል። ልጁም የሚችለውን ሁሉ ሊያደርግላቸው ቃል ይገባል። አባትየው ልቡ አርፎ ይሞታል።

ልጁ ክፉ ሰው አይደለም። እዚያው በሆዱ ሂሳብ ይሠራል። እህቶቹ ሦስት ናቸው። ለእያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ፓውንድ ቢሰጥ ሦስት ሺህ ይሆናል። እሱ እንደሆነ ሀብታም ነው፤ ቢሰጥ አይጎድልበትም። ሐሳቡ ራሱን ደስ አሰኘው። ቀኑን ሙሉ ሲያሰላስለው ዋለ፤ በማግስቱም አልተጸጸተም።

ከዚያ ለሚስቱ ነገራት።

የጄን ኦስተን የመጀመሪያው የታተመ ልቦለድ እንዲህ ነው የሚጀምረው። በእንግሊዝኛ «ሴንስ ኤንድ ሴንሲቢሊቲ» ይባላል። በአማርኛ «አስተውሎትና ስሜት» ብንለው ብዙም አንስትም። የወጣው በ1811 ለንደን ውስጥ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለት እህትማማቾች፣ ሁለት የተሰበሩ ልቦች፣ በመጨረሻ ሁለት ሠርግ። በፊልምም በቴሌቪዥንም ተደጋግሞ ስለተሠራ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በዝናብና በረዥም ቀሚስ ነው።

እኔም መጀመሪያ ያነበብኩት እንደ ፍቅር ታሪክ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው እርሳስ ይዤ ቁጥሮቹን ማስመር ጀመርኩ። አስምሬ አልጨረስኩም። ማን ስንት እንዳለው፣ ማን ከማን ስንት እንደሚወርስ፣ ማን ስንት ይዛ እንደምታገባ ያልተነገረበት ምዕራፍ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። የሂሳብ ደብተር ነው። ቁጥሮቹን የዘለለ አንባቢ ልጆቹ ለምን እንደሚያለቅሱ ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ዛሬ ፍቅሩን ትንሽ ወደ ጎን አድርገን ገንዘቡን እንከተል።

ላሙን ማለብ እንጂ ማረድ የለም

ኖርላንድ ሰሴክስ ውስጥ ያለ ትልቅ ርስት ነው። ርስት ስል ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በእኛ በድሮው የርስት ሥርዓት ልጅ በአባቱም በእናቱም በኩል ይጠይቃል፤ ሴትም ትጠይቃለች። መሬቱ በየትውልዱ ይከፋፈላል። የእንግሊዝ ባላባቶች ይህን እንደ ጦር ነበር የሚፈሩት። መሬት ከተቆራረሰ የቤተሰቡ ስምና ክብር አብሮ ይቆራረሳል ባዮች ናቸው። ስለዚህ ሙሉውን ለአንድ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለበኩር ወንድ ልጅ ያስተላልፋሉ። ወራሹም እንዳይሸጠው በኑዛዜ ወይም በውል እጁን አስረው ይሄዳሉ።

እጁ የታሰረ ወራሽ በሕይወት እስካለ ድረስ ገቢውን ይበላል። መሬቱን ግን አይሸጥም፣ አያስይዝም፣ ለወደደው አያወርስም። ላሚቱን ማለብ ይችላል፣ ማረድ አይችልም እንበል። እሱ ሲሞት ላሚቱ አስቀድሞ ወደተወሰነላት ሰው ትሄዳለች።

በልቦለዱ ውስጥ ኖርላንድ የአንድ ላጤ ሽማግሌ ነበር። ቤቱ ጭር ሲልበት የወንድሙን ልጅ ሄንሪ ዳሽዉድን ከነቤተሰቡ አስመጣ። ሄንሪ ከመጀመሪያ ሚስቱ ጆን የሚባል ልጅ አለው። ይህ ጆን ገና ከጠዋቱ የተደላደለ ነው። ሟች እናቱ ሀብት ትታለት ሄዳለች፤ ሚስቱም ገንዘብ ይዛ መጥታለች። ከሁለተኛዋ ሚስት ደግሞ ሦስት ሴቶች አሉ፦ የ19 ዓመቷ ኤሊኖር፣ የ16 ዓመቷ ማሪያን፣ የ13 ዓመቷ ማርጋሬት። የእነሱ እናት ወደ ትዳሩ ያመጣችው ገንዘብ የለም። ስለዚህ የልጆቹ ተስፋ ኖርላንድ ብቻ ነው። አባታቸው ይወርሰዋል፣ እሱ ደግሞ ለእነሱ ያስቀምጥላቸዋል።

ቤተሰቡ ሽማግሌውን አሥር ዓመት ያህል ጦረው። ሽማግሌው ሞተ፤ ኑዛዜው ተከፈተ። ኖርላንድ ለሄንሪ ተሰጥቷል፤ ግን ዕድሜ ልኩን ብቻ። ከእሱ በኋላ ለጆን፣ ከጆን በኋላ ለጆን ትንሽ ልጅ። ልጁ አራት ዓመቱ ነው። አልፎ አልፎ ለጥየቃ ሲመጣ በኮልታፋ አንደበቱ፣ በተንኮሉና በጩኸቱ ሽማግሌውን ያስቀው ነበር። የአሥር ዓመት ጡረታ በአንድ ሕፃን ጩኸት ተበለጠ። ሴቶቹም ባዶ እጃቸውን አልቀሩም፤ አንዳንድ ሺህ ፓውንድ ተናዞላቸዋል። ሄንሪ ግን ከርስቱ ዛፍ አስቆርጦ ሸጦ እንኳን ለሚስቱና ለሴት ልጆቹ ማስቀመጥ አይችልም።

ሄንሪ ተስፋ አልቆረጠም። ገና ጎልማሳ ነኝ፣ ብዙ ዓመት እኖራለሁ፣ ከገቢው እየቆጠብኩ አጠራቅምላቸዋለሁ አለ። አንድ ዓመት ብቻ ኖረ።

ሁሉም ተደማምሮ ለእናትና ለሦስት ልጆች የቀረው 10,000 ፓውንድ ነው። 7,000ው የእናትየው፣ 3,000ው የልጆቹ። ኖርላንድ ጠቅልሎ ለጆን ገባ። እስካሁን ሕግ የጣሰ ሰው የለም። የሰረቀም፣ የዋሸም የለም።

ቁጥሩ እንዴት ይነበባል

በዚያ ዘመን የአንድ ሰው ሀብት የሚነገረው በሁለት መንገድ ነበር፤ ሁለቱ ከተምታቱ መጽሐፉ አይገባም። ወንድን «በዓመት ስንት አለው» ይሉታል። ይህ የመሬቱ ገቢ ነው። ሴትን ደግሞ «ስንት አላት» ይላሉ። ይህ ዋናው ገንዘብ ነው፣ አንድ ጊዜ የተሰጣት፣ ይዛው የምታገባው። የሴቷን ወደ ዓመት ገቢ ለመቀየር በ5 በመቶ ማባዛት ነው። እንግሊዝ ከናፖሊዮን ጋር እየተዋጋች ስለነበር መንግሥት ከሕዝቡ ብዙ ይበደር ነበር፤ ገንዘብ ያለው ሰውም ለመንግሥት አበድሮ ወለዱን እየበላ ይኖር ነበር። ዋናውን የሚነካ እንደ ሞኝ ይቆጠራል።

እንግዲህ 10,000 ፓውንድ በዓመት 500 ያስገኛል። ለአራት ሰው። ኖርላንድ ለጆን የጨመረለት በዓመት 4,000 ነው፤ ያውም ከነበረው ሌላ ገቢ ላይ። የማሪያን አንድ ሺህ ብቻውን ቢታሰብ በዓመት 50 ፓውንድ ነው።

500 ፓውንድ ረሃብ አይደለም። ያኔ የቀን ሠራተኛ የሆነ ሰው እንዲህ ያለ ገንዘብ በሕልሙም አያየውም። ኦስተንም ስለ ድሆች አልጻፈችም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። የጻፈችው መሰላሉ ላይ ሳሉ እግራቸው ስር ያለው እርከን ስለተነቀለባቸው ሴቶች ነው። ሠረገላና ፈረስ ተሸጠ። ከአገልጋዮቹ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ብቻ ቀሩ። ሠረገላ የሌላት ልጅ ደግሞ ከመንደሯ አትወጣም፤ ካልወጣች አትታይም፤ ካልታየች አታገባም።

ምዕራፍ ሁለት

ፋኒ፣ የጆን ሚስት፣ ኖርላንድ የደረሰችው ቀብሩ እንዳለቀ ነው። ለባሏ የእንጀራ እናት «እየመጣሁ ነው» ብላ እንኳን አልላከችም። ልጇንና አገልጋዮቿን አስከትላ ዘው አለች። ቤቱ አባትየው ከሞተባት ደቂቃ ጀምሮ የባሏ ነው፤ ማን ምን ይላታል? የትናንቷ እመቤት በአንድ ጀንበር እንግዳ ሆነች።

ጆን ስለ ሦስት ሺሁ የነገራት ያኔ ነው። ምዕራፍ ሁለት ከዳር እስከ ዳር የሁለቱ ጭውውት ነው፤ ጥቂት ገጾች ናቸው። እኔ በእንግሊዝኛ ካነበብኳቸው ጥቂት ገጾች ሁሉ ከዚህ የበለጠ የሚያስቅና የሚያስደነግጥ አላውቅም።

ፋኒ አትጮኽም። አታኮርፍም። በቅድሚያ ልጃቸውን ታነሳለች። ሦስት ሺህ ፓውንድ ከዚያ ምስኪን ልጅ አፍ ሊነጠቅ ነው? ድሀ ሆኖ ቀረ በለኛ! ደግሞስ እነዚህ ሴቶች ምንህ ናቸው? በአባት ብቻ የምትገናኙ፣ ምኑ ዝምድና ነው? ጆን «አባቴ ለምኖኝ ነው» ይላል። ጣር ላይ ያለ ሰው የሚለውን መች ያውቃል፣ ትላለች።

ጆን ያስባል። እሺ፣ ግማሽ ይሁን። አምስት መቶ፣ አምስት መቶ።

ፋኒ ታደንቀዋለች! የትኛው ወንድም ነው ለእህቶቹ የዚህን ግማሽ የሚያደርግ! ይህን ካለች በኋላ በለሆሳስ፦ ለነገሩ እናታቸው ስትሞት አሥር ሺሁን ለሦስት ይካፈሉታል፤ ከሦስት ሺህ በላይ ይደርሳቸዋል፤ ካገቡም ይመቻቸዋል፣ ካላገቡም አብረው ይኖራሉ፤ ምን ጎደላቸው?

ጆን «እውነትሽን ነው» ይላል። ታዲያ ለልጆቹ ከሚሆን ለእናትየው በዓመት መቶ ፓውንድ ተቆራጭ ባደርግላትስ? እዚህ ላይ ፋኒ ትንሽ ታመነታለች። መቼም አሥራ አምስት መቶውን ባንዴ ከማውጣት ይሻላል። ግን አሥራ አምስት ዓመት ከኖረችስ? ያኔ ተበላን ማለት ነው። ተቆራጭ የሚቆረጥለት ሰው ደግሞ አይሞትም። ሴትዮዋ ጤነኛ ናት፣ ገና አርባ ዓመቷ። የፋኒ እናት ሟች ባሏ በኑዛዜው ለሦስት ያረጁ አገልጋዮች ተቆራጭ ጥሎባት አበሳዋን አይታለች። በዓመት ሁለቴ እየተቆጠረ ይወጣል። ገንዘቧ የራሷ አልሆን አለ።

በቃ፣ ተቆራጩ ይቅር። አልፎ አልፎ ሃምሳ ፓውንድ ብልክላቸውስ?

እዚህ ድረስ ፋኒ አንድም ጊዜ «አትስጥ» አላለችም። እያንዳንዷን ቅናሽ ያቀረበው ጆን ራሱ ነው። ገበያ ውስጥ ዝም ብሎ ቆሞ ሻጩ ራሱ ዋጋ እንዲያወርድ የሚያደርግ ገዢ አይታችሁ ታውቁ የለ? ፋኒ እንደዚያ ናት። አሁን ግን ሥራዋን ትጨርሳለች። እኔ እንደሚመስለኝ አባትህ ጭራሽ ስለ ገንዘብ አላሰበም፣ ትለዋለች። እርዳ ሲልህ የሚመች ትንሽ ቤት ፈልግላቸው፣ ዕቃ ሲያጓጉዙ አግዛቸው፣ ወቅቱ ሲደርስ ዓሣና የአደን ሥጋ ላክላቸው ማለቱ ነው። በዓመት አምስት መቶ አላቸው። አራት ሴት ምን ያደርግላቸዋል? ሠረገላ የለ፣ ፈረስ የለ፣ እንግዳ የለ፣ ወጪያቸው ምንድነው? እንዲያውም እነሱ ለአንተ ቢሰጡህ ይቀላል።

ሦስት ሺህ ፓውንድ ዓሣ ሆነ።

ደግሞ አላበቃችም። የሟች ሰሃንና ብርጭቆ ለእናትየው ተናዟል። የቁርስ ሸክላዎቹ ኖርላንድ ካሉት እጥፍ ያምራሉ። እነሱ ለሚገቡበት ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ ምን ያደርግላቸዋል? አባትህ የሚያስበው ስለነሱ ብቻ ነበር፣ ትላለች ፋኒ፣ ቅር ብሏት።

ዓሣውስ? ሴቶቹ በሩቁ ዴቨንሸር፣ ባርተን የሚባል ስፍራ፣ ከአንድ ዘመዳቸው ትንሽ ቤት በርካሽ ተከራዩ። ዕቃቸው በመርከብ ተጫነ። ጆን ሰማና አዘነ። መንገዱ ስለራቀ ዕቃ በማጓጓዝ እንኳን ሊረዳቸው አልቻለም! ያቺ አደራ ተሸርሽራ ተሸርሽራ የቀረችላት ነገር ዕቃ ማገዝ ነበር፤ እሷም በርቀት ምክንያት ቀረች። በአማርኛ «አደራ በላ» የሚል ቃል አለን። ጆን ግን በላሁ ብሎ አያውቅም። ዕድሜ ልኩን ራሱን ጥሩ ወንድም አድርጎ ነው የሚያየው።

ሚስት በሕግ ፊት

ፋኒን ለመጥላት ብዙ አልቸገርም። ግን አንድ ነገር አለ። ፋኒ ስታገባ 10,000 ፓውንድ ይዛ ነው የመጣችው። ያ ገንዘብ የማን ነው?

በዚያን ጊዜው የእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት ራሷን የቻለች ሰው አልነበረችም። ባልና ሚስት አንድ አካል ናቸው፤ ያ አካል ደግሞ ባል ነው። ጥሬ ገንዘቧ፣ ጌጧ፣ ሠርታ ብታገኝ ደመወዟ የባሏ ነው። በራሷ ስም ውል አትፈርምም፣ አትከስም፣ ያለ ባሏ ፈቃድ ኑዛዜ አትተውም። ልጆቹም በሕግ የአባት ናቸው። ሀብታም ቤተሰቦች መውጫ ያበጁ ነበር። ከሠርጉ በፊት ጠበቆች ይቀመጡና የልጅቷ ገንዘብ በባለአደራዎች እጅ እንዲሆን፣ ባሏ ቢሞት በዓመት ይህን ያህል እንዲቆረጥላት ይዋዋላሉ። ውል ለማስዋዋል ግን በመጀመሪያ ገንዘብ ያለው አባት ያስፈልጋል። እነ ኤሊኖር እናት ምንም ይዛ ስላልመጣች ምንም ያስዋዋለላት አልነበረም። ያገቡ ሴቶች ንብረታቸውን በስማቸው የመያዝ መብት በመጠኑ በ1870፣ በሰፊው ደግሞ በ1882 በወጡ ሕጎች ነው ያገኙት። መጽሐፉ ከወጣ ከሰባ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ስለዚህ ፋኒ ያላት ሥልጣን የባሏ ጆሮ ነው። በእሱ ተጠቀመች። አላዝንላትም፤ ግን አየኋት።

ይህን ካየን በኋላ የመጽሐፉ አንድ እንግዳ ነገር ይፈታል። ወጣት ወንዶቹን የሚያንቀጠቅጧቸው አሮጊት መበለቶች ናቸው። የፋኒና የወንድሟ የኤድዋርድ እናት ወይዘሮ ፌራርስ ልጇን ካልታዘዝክ ከውርስ እነቅልሃለሁ ትላለች፣ ትነቅለዋለችም። ዊሎቢ የሚባለው ቆንጆ ደግሞ የአንዲት አሮጊት ዘመዱን ፊት እያየ ነው የሚያድረው። ወይዘሮ ጄኒንግስ በሚገባ የተቆረጠላት መበለት ናት፤ ለንደን ላይ የራሷ ቤት አላት፣ ደስ ያላትን ትናገራለች፣ ማንንም አትፈራም። ነገሩ ቀላል ነው። ልጃገረድ በአባቷ ስር ናት፤ ሚስት በባሏ ስር ናት። ባል የሞተባትና ገንዘብ የቀረላት ሴት ብቻ በራሷ ትፈርማለች።

ሥራስ? የጨዋ ልጅ ክብሯን ሳታጣ ልትይዘው የምትችለው ሥራ በሰው ቤት ልጆች ማስተማር ነበር፤ እሱም ክብር ከሚባል ውርደት ቢባል ይቀላል። ዩኒቨርሲቲ ዝግ ነው። ኦክስፎርድ ለሴቶች ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1920 ነው፤ ካምብሪጅ በ1948።

የማሪያን ዋጋ

ማሪያን ከዊሎቢ ጋር በፍቅር ነድዳለች። ዊሎቢም ይወዳታል፣ በኋላ ራሱ መጥቶ ይናዘዛል። ርስቱ በዓመት 600 ወይም 700 ፓውንድ ያስገባል፤ የሚያወጣው ግን ከዚያ በላይ ነው፤ ዕዳ አለበት። ዘመዱም በአንድ ነውሩ ተቆጥታ ፊቷን አዞረችበት። ስለዚህ ሄዶ 50,000 ፓውንድ ያላትን ወይዘሪት ግሬይን አገባ። እርሳሱን ያዙ። ሃምሳ ሺህ በ5 በመቶ 2,500 በዓመት። ማሪያን፣ 50። ከፍቅር ውጪ ያለው ልዩነት ይህ ነው።

ማሪያን ታመመች፣ ከሳች፣ ወዟ ጠፋ። ወንድሟ ጆን ለንደን ላይ ኤሊኖርን ሲያገኛት ስለ እህቱ በሐዘን ይናገራል። ባለፈው መስከረም የት የምትደርስ ልጅ ነበረች፤ አሁን ግን በዓመት ከአምስት ወይም ከስድስት መቶ በላይ ያለው ሰው የሚያገባት አይመስለኝም ይላል። ልክ ስለ ወረደ እህል እንደሚያወራ ነጋዴ። ከዚያው ጋር ስለ ራሱ ችግር ያነሳል። ወጪ በዝቶበታል። ኖርላንድ ውስጥ ለፋኒ የአበባ ቤት ሊሠራ የድሮዎቹን የዋልነት ዛፎች አስቆርጧል። ደግሞ የሟች አባታችን ሸክላና ጨርቅ ወደ እናትሽ ስለሄደ አዲስ መግዛት ነበረብን ይላታል። ሰሃኑን አልረሱትም!

የቁጥሩን ነገር ኦስተን ቀድማ ተጫውታበታለች። አንድ ቀን እህትማማቾቹ ስለ ሀብት ይከራከራሉ። ማሪያን፣ ገንዘብ ደስታን አይገዛም ባይዋ፣ እኔ ለመኖር ያህል ብቻ ነው የምፈልገው ትላለች። ስንት? በዓመት አሥራ ስምንት መቶ ወይም ሁለት ሺህ። ኤሊኖር ትስቃለች፤ የእኔ ሀብት ማለት አንድ ሺህ ነው ትላለች። ሁለት ሺህ የሚለውን ቁጥር ያዙልኝ።

ከሁሉ የሚከብደኝ በታሪኩ ጓዳ የተደበቀው የኢላይዛ ነገር ነው። ኢላይዛ ወላጅ የሌላት፣ ብዙ ሀብት ያላት፣ በኮሎኔል ብራንደን አባት እጅ ያደገች ልጅ ነበረች። ከብራንደን ጋር ይዋደዳሉ፤ ይህ ብራንደን በኋላ ማሪያንን የሚወዳት ጎልማሳ ነው። የቤተሰቡ ርስት ግን በዕዳ ተይዟል። በ17 ዓመቷ ያለ ፍላጎቷ ለታላቅ ወንድሙ ተዳረች። ከተጋቡ ጀምሮ አልወደዳትም፤ በደላት፤ ሌላ ሰው መጣ፤ ባሏ ፈታት። ያኔ ፍቺ ማለት በፓርላማ በአንድ ሰው ስም ሕግ ማስወጣት ነው፤ ለተራ ሰው የማይታሰብ። በፍርድ ቤት ፍቺ የመጣው በ1857 ነው። ብራንደን ከሕንድ ተመልሶ ሲያፈላልጋት የተቆረጠላት ገንዘብ ካመጣችው ሀብት ጋር የማይመጣጠን ሆኖ አገኘው። እሱንም የመቀበል መብቷን ለሌላ ሰው አስተላልፋዋለች። ባለዕዳዎች በሚታሰሩበት ቤት በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት ደረሰባት።

አሁን የእኔ ጥርጣሬ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ርስቱ የብራንደን ሆኗል። ዴላፎርድ ይባላል። ወይዘሮ ጄኒንግስ በኩራት ትናገራለች፦ በዓመት ሁለት ሺህ፣ ዕዳ የሌለበት። ዕዳውን ማን ከፈለው? መጽሐፉ በቀጥታ አይናገርም፤ እኔ ግን የኢላይዛ ገንዘብ ነው እላለሁ። በመጨረሻ ማሪያን፣ 19 ዓመቷ ሆና፣ በዕድሜ ሁለት እጥፍ የሚሆናትን ብራንደንን አግብታ እመቤት የምትሆነው እዚያው ዴላፎርድ ነው። ሁለት ሺህ፣ ልክ እንዳለችው። ኦስተን ጋብቻውን ስትነግረን ሁሉም ተስማምቶ ማሪያንን ለብራንደን እንደ ሽልማት እንዳሰቡለት ነው የምትገልጸው። ብዙ አንባቢ እዚህ ጋ እፎይ ይላል። እኔ እስካሁን እፎይ አላልኩም።

ደራሲዋ ራሷ

ኦስተን ይህን ታሪክ መጀመሪያ የሞከረችው በ1790ዎቹ ነው፤ ያኔ ርዕሱ «ኤሊኖርና ማሪያን» ነበር። ስድስት ወንድሞችና ካሳንድራ የምትባል አንዲት እህት ነበሯት። አባቷ ካህን ነበሩ። በጥር 1805 ባዝ ከተማ ውስጥ ሞቱ፤ የካህንነት ገቢያቸውም አብሯቸው ሞተ። እናት፣ ጄንና ካሳንድራ በወንድሞች መዋጮ የሚኖሩ ሆኑ። ከባዝ ወደ ሳውዝሃምፕተን ዞሩ። እነዚህ ወንድሞች እንደ ጆን አልነበሩም፤ አዋጥተዋል። ግን ከመካከላቸው ኤድዋርድ በሀብታም ዘመዶች በማደጎ ተወስዶ ትላልቅ ርስቶች ወርሶ ነበር፤ እናቱንና እህቶቹን ቻውተን ባለው ትንሽ ቤት ያስገባቸው በ1809 ነው። አራት ዓመት ፈጅቷል።

እዚያ ቤት ተቀምጣ የድሮውን ረቂቅ አንስታ ለማተሚያ አዘጋጀችው። መጽሐፉ የታተመው በራሷ ወጪ ነው። ካልተሸጠ ዕዳው የእሷ ነው፤ ለዚያም ከትንሽ ገቢዋ ቀደም ብላ አስቀምጣ ነበር። ሽፋኑ ላይ ስሟ የለም። «በአንዲት እመቤት የተጻፈ» ይላል። ሦስት ቅጽ፣ 15 ሽልንግ። በ1813 ክረምት የመጀመሪያው ዕትም አለቀ፤ 140 ፓውንድ ደረሳት። በ5 በመቶ ሂሳብ በዓመት 7 ፓውንድ ነው። እሷ ግን በደብዳቤዋ ደስ ብሏት ጽፋዋለች። ማንም ያልተናዘዘላት ገንዘብ ነበር።

ኤሊኖርስ? የምትወደው የፋኒ ወንድም ኤድዋርድ ልጅ ሳለ ሉሲ ለምትባል ገንዘብ አልባ ልጅ በድብቅ ቃል ገብቶ ነበር። ቃሉን አላጥፍም በማለቱ እናቱ ነቀለችውና በዓመት አንድ ሺህ የሚያስገባውን መሬት ለታናሹ ለሮበርት ሰጠች። ሉሲም ሮበርትን አገባች። አንባቢ ሁሉ ሉሲን ይጠላል። እኔ ግን አባት፣ ወንድምና ኑዛዜ የሌላት ልጅ በሁለት እጇ እየቧጠጠች ግድግዳ ስትወጣ ነው የሚታየኝ።

ነፃ የወጣው ኤድዋርድ ወደ ኤሊኖር መጣ። ተቀምጠው ያላቸውን ቆጠሩ። የእሱ ሁለት ሺህ፣ የእሷ አንድ ሺህ፦ በወለድ 150። ብራንደን የሰጠው የዴላፎርድ ደብር የካህንነት ገቢ፦ 200። ድምር 350። በዚህ ለመጋባት የሚያበቃ እብደት ሁለቱም የላቸውም ትላለች ደራሲዋ። ጠበቁ። እናትየው ልቧ ራራና 10,000 ሰጠችው። ያኔ ተጋቡ። አዲሱ ቤታቸው ተጠገነ፣ ግድግዳው ወረቀት ተለጠፈበት። ከዚያ በኋላ የቀራቸው ምኞት ሁለት ብቻ ነበር፦ ማሪያን ብራንደንን እንድታገባና ለላሞቻቸው ትንሽ የተሻለ ግጦሽ።